«ይተዉት፣ እኔ ላንሳልዎ» የማይባልበት ክፍለ ጊዜ፦ በጅማ ለአዛውንት ስለተዘጋጀ የስፖርት አገልግሎት

በጅማ መሀል ከተማ፣ በአንድ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ በሚገኝ የስፖርት ቤት፣ ዕድሜያቸው ከ55 ዓመት በላይ ለሆነ ሰዎች ብቻ የተመደበ ክፍለ ጊዜ አለ። ሰኞና ረቡዕ በቤት ውስጥ የክብደት ማንሳትና የሰውነት ሚዛን ልምምድ፣ ቅዳሜ ደግሞ ወደ ጅሬን ኮረብታ የእግር ጉዞ ይደረጋል፤ ወርኃዊ ክፍያው 900 ብር ነው። ከተመዘገብሁ ስድስት ወር ስለሞላኝ፣ በአገልግሎቱ ያየሁትን መልካምም ጉድለትም ለእኩዮቼ፣ እንዲሁም አባት እናታቸውን ወደ እንዲህ ያለ ቦታ ለመላክ ለሚያስቡ ልጆች መጻፍ ተገቢ መስሎ ታየኝ። የምነቅፈው ነገር ስላለ የቤቱን ስም ከመጥቀስ ተቆጥቤያለሁ።

ወደዚህ ቤት የወሰደኝ አንድ በርጩማ ነው። የጅማን በርጩማ የማያውቅ አንባቢ ካለ፣ ከአንድ ወጥ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣ፣ ሦስት እግር ያለው፣ መቀመጫው እንደ ሳህን ጎድጎድ ያለና ከመሬት እምብዛም የማይርቅ መቀመጫ ነው። ባለፈው ዓመት ለቅሶ ቤት በእንዲህ ያለ በርጩማ ላይ አንድ ሰዓት ያህል ተቀምጬ ልነሣ ስል ጉልበቴ እምቢ አለኝ። ሁለተኛ ሳልሞክር ሁለት ወጣቶች በግራና በቀኝ ብብቴን ይዘው ብድግ አደረጉኝ። እኔም «ተባረኩ» አልሁና ወጣሁ። ምርቃቱ ከልቤ ነበር፤ ማታ ግን ተኝቼ ሳስበው፣ ከዚያ ቀን በፊት ባሉት ወራት በራሴ ጉልበት ብቻ የተነሣሁበትን ጊዜ ማስታወስ አቃተኝ። ከቤት ወንበር ስነሣ ክንዶቹን ተደግፌ ነው፣ ከአልጋ ስነሣ ልጄ እጇን ትሰጠኛለች፣ ከባጃጅ ስወርድ ሾፌሩ ይደግፈኛል።

ለሠላሳ አራት ዓመታት ባዮሎጂ ያስተማርሁ ሰው ይህ የት እንደሚያደርስ ማወቅ ነበረብኝ። ነገር ግን ያደግንበት ሥርዓት በእውቀት ብቻ አይረታም። «ጡረታ» የሚለው ቃላችን ራሱ ከ«መጦር» የወጣ ነው፤ በእኛ ዘንድ ያረጀ ሰው ሌላው የሚጦረው፣ ውኃ የሚቀዳለት፣ ዕቃ የሚሸከምለት፣ «አርፈው ይቀመጡ» የሚባል ሰው ነው። በስልሳ ዓመቴ ከመንግሥት ሥራ በጡረታ ስገለል መጀመሪያ የተነጠቅሁት ደሞዝ አልነበረም፤ በየቀኑ አንድ ነገር ያስቸግረኝ የነበረው ኑሮ ነው። ከዚያ በኋላ የሚያስቸግረኝ ነገር በመጣ ቁጥር ሌላ ሰው ይቀድመኝ ጀመር። ይህ ፍቅር መሆኑን አልክድም። ያልተገላበጠ ያራል የሚባለው ግን ምጣድ ላይ ላለ ቡና ብቻ አልነበረም፤ እዚህ አገር ቡና ሲቆላ ሳያይ ያደገ ሰው የለምና ማብራራት አያስፈልገኝም።

የስፖርት ቤቱ የመጀመሪያ መልካም ነገር በምዝገባው ቀን ታየ። አሰልጣኙ፣ ከሠላሳ ዓመት ብዙ የማይበልጥ ጎልማሳ፣ ስሜን ከጻፈ በኋላ ወንበር አቀረበና፣ «ጋሼ፣ እጅዎን ደረትዎ ላይ አጣምረው በሠላሳ ሰከንድ ውስጥ የቻሉትን ያህል ይነሡ፣ ይቀመጡ» አለኝ። ስምንት ጊዜ ተነሣሁ። ይህ እርሱ የፈጠረው ጨዋታ ሳይሆን በሕክምና የታወቀ የእግር ጥንካሬ መለኪያ ነው፤ ዕድሜው ከ65 እስከ 69 ለሆነ ወንድ ከ12 በታች፣ ለሴት ደግሞ ከ11 በታች ከሆነ ከአማካይ በታች ተብሎ የመውደቅ ስጋት እንዳለ ይታሰባል። ስምንት መሆኑን ሲነግረኝ አላባበለኝም፣ «ለዕድሜዎ ጥሩ ነው» አላለኝም። ቁጥሩን በደብተሩ ጻፈና «በየወሩ እንለካለን» ብቻ አለ። ከሐኪምና ከቤተሰብ ውጭ ሰው እንዲህ ያለ ማባበያ አልባ ንግግር ከነገረኝ ብዙ ዓመት ሆኖኝ ነበር፤ ደስ አለኝ ብል ዋሽቻለሁ፣ ግን ሰኞ ጧት ቀድሜ ተገኘሁ።

በመለኪያው ላይ አንድ እርማት አለኝ። ፈተናው የሚደረገው ከመሬት 43 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ባለ ወንበር ሲሆን፣ ቤቱ የሚጠቀምበት የእንጨት ወንበር ግን በሜትሬ ስለካው 39 ሆኖ ተገኘ። አራት ሴንቲ ሜትር ለወጣት ምንም አይደለም፤ ለእኛ ግን በቁጥሩ ላይ ለውጥ ያመጣል። ሁሌም በዚያው ወንበር የምንለካ ከሆነ የራሳችንን መሻሻል ለማየት አይከፋም፤ ከሠንጠረዡ ጋር ማወዳደር ግን ትክክል አይሆንም። ነግሬያቸው እስካሁን አልቀየሩትም።

ልምምዱ ራሱ ከጠበቅሁት በላይ ከባድ ነው፤ አገልግሎቱን እንድወድደውም ያደረገኝ ይኸው ክብደቱ ነው። ለአዛውንት የሚሰጥ ስፖርት ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ወንበር ላይ ተቀምጦ እጅ ማወዛወዝን ነው። እዚህ ግን አንድ ክብደት ስምንት ጊዜ አንሥተህ ዘጠነኛውና አሥረኛው ካላንቀጠቀጡህ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ይጨመርልሃል። ይህ አካሄድ ለአረጋዊ አደገኛ መስሎ የሚታየው ሰው እ.ኤ.አ. በ1990 በቦስተን አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የተደረገውን ጥናት ቢያስታውስ መልካም ነው። ማሪያ ፊያታሮኔና ባልደረቦቿ አማካይ ዕድሜያቸው 90 ዓመት የሆነ አሥር ፈቃደኞችን፣ አንድ ጊዜ ማንሳት ከሚችሉት ከፍተኛ ክብደት ወደ 80 በመቶ የሚደርሰውን እያነሡ ለስምንት ሳምንታት እግራቸውን እንዲያሠሩ አደረጓቸው። ያጠናቀቁት ሰዎች የእግር ጥንካሬ በአማካይ በ174 በመቶ ጨመረ፤ ከመካከላቸውም ሁለት ሰዎች ምርኩዛቸውን ተዉ። ከዚያ ወዲህ ግን ልምምዱን አቋርጠው አራት ሳምንት ብቻ ሲቀመጡ ጥንካሬያቸው በ32 በመቶ ወረደ። ይህንን ሁለተኛውን ቁጥር የምወድደው ከመጀመሪያው አስበልጬ ነው፤ ምክንያቱም «ትንሽ ልረፍ» በሚል ሰበብ ክረምቱን ሙሉ ለሚጠፉት ጓደኞቼ ማስረጃ ሆኖልኛልና።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚመጣው ብርታት ጡንቻ በመወፈሩ አይደለም። ነርቭ ነው። ሲሠራበት ያልኖረ ጡንቻ ከአንጎል የሚመጣለት ትእዛዝ ይሳሳል፤ ሲፈተን ያ መስመር ይነቃና ተኝተው የነበሩት ክሮች አብረው መሳብ ይጀምራሉ። ሥጋው የሚጨምረው ቀስ ብሎ ነው። ከክሮቹም መካከል ዕድሜ ይበልጥ የሚያሳሳቸው ፈጣኖቹ ናቸው፤ እነዚህም በጅማ ጭቃ ላይ እግርህ ሲያዳልጥህ፣ ሳትወድቅ በሰከንድ ስባሪ ውስጥ ሌላውን እግርህን ወደፊት የሚያስቀድሙልህ ናቸው። በእርጋታ መራመድ ብቻ እነዚህን ክሮች አይቀሰቅሳቸውም። በዚህ ምክንያት አሰልጣኙ ከሦስተኛው ወር ጀምሮ «አሁን ቶሎ ተነሡ፣ ቀስ ብላችሁ ተቀመጡ» እያለ ማሠራቱ ትክክል ነው። አጠገቤ የሚሠሩት በቡና ንግድ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሐጂ በየጊዜው «ይሄ ልጅ ሊገድለን ነው» ይላሉ፤ ከእኛ ሁሉ አንድም ቀን ያልቀሩት ግን እርሳቸው ናቸው። በረመዳን እንኳ ክፍለ ጊዜው ከኢፍጣር በኋላ እንዲሆን ጠይቀው አስወስነዋል፣ ቤቱም ያለ ማንገራገር ተቀብሏል።

ረቡዕ ቀን የሚሠራው የእርምጃ ልምምድ የተለየ ትኩረት ይገባዋል። በወለሉ ላይ በቀለም የተሠሩ አራት ማዕዘኖች አሉ፤ ወደ ግራ ሁለት፣ ወደ ኋላ አንድ፣ እጅ ማጨብጨብ፣ መዞር እያለ የሚሄድ ቅደም ተከተል እንማራለን። ልክ በደንብ ስንይዘውና በኩራት ስንሠራው አሰልጣኙ ያፈርሰውና ሌላ ያመጣል። በመጀመሪያ ይህ ያናድደኝ ነበር። ግን ዋናው ነገር መማር እንጂ መቻል አይደለም። በአሜሪካ ዴኒዝ ፓርክ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣችው ጥናት ዕድሜያቸው ከ60 እስከ 90 የሆኑ 221 ሰዎች ተከፋፍለው፣ ገሚሶቹ ለሦስት ወር የዲጂታል ፎቶግራፍ ወይም የብርድ ልብስ ስፌት ጥበብን ከዜሮ ጀምረው በሳምንት ከ15 ሰዓት በላይ ተማሩ፣ ሌሎቹ ደግሞ ተሰብስበው በመጫወትና በመጎብኘት አሳለፉ። በማስታወስ ችሎታ የተሻለ ለውጥ ያሳዩት አዲስና አስቸጋሪ ነገር የተማሩት ናቸው። የእኛ የረቡዕ ግማሽ ሰዓት ከዚያ ጋር የሚወዳደር መጠን የለውም፤ ስለዚህ «ዝንጋታን ያጠፋል» የሚለው የቤቱ ማስታወቂያ ከአቅሙ በላይ ቃል የገባ ነው። አቅጣጫው ግን ልክ ነው። ከልምምዱ በኋላ የሚጠጣው ቡና ሰዎቹን የሚያመጣ ማር ነው፤ ሥራውን የሚሠራው ግን ያ የሚፈርሰው ቅደም ተከተል ነው።

ቅዳሜ ወደ ጅሬን የሚደረገው ጉዞ የአገልግሎቱ ዘውድ ነው። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከከተማው መሀል 7 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ እኛ እስከ ኮረብታው ግርጌ በባጃጅ ሄደን ከዚያ በእግር እንወጣለን። ጅማ ራሷ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1700 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ ዳገቱ ሲጨመርበት ትንፋሽ ይጠይቃል። በመጀመሪያው ቅዳሜ አምስት ጊዜ ቆሜ ነበር። አሰልጣኙ «መናገር እስከቻላችሁ ድረስ ሂዱ፣ መናገር ሲያቅታችሁ ቁሙ» የሚል አንድ ቀላል ደንብ ብቻ ይሰጣል፤ ከኋላ የቀረ ሰው ካለ በኦሮምኛ «ጃባዻ!» (በርቱ!) እያለ ይጣራል እንጂ ተመልሶ እጅ አይስብም። ከላይ ሲደርሱ በእንጨት የተሠራውን የቤተ መንግሥቱን ሰገነትና ከታች የተዘረጋችውን ከተማ እያዩ ማረፍ አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ፣ ዕድሜያቸው ከ70 እስከ 89 የሆኑ 1635 ሰዎችን በአማካይ ለ2.6 ዓመት የተከታተለ የአሜሪካ ጥናት፣ በዋናነት በእግር ጉዞ ላይ የተመሠረተ የተደራጀ ልምምድ የመራመድ አቅምን የማጣት ስጋትን በ18 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። ያነጻጸሩትም ከምንም ጋር አልነበረም፤ ስለ ጤና ትምህርት ከሚሰጣቸው ሰዎች ጋር ነበር። ትምህርት ብቻውን እግር አይሆንም ማለት ነው፣ ይህን የምለውም ዕድሜ ልኬን መምህር ሆኜ ነው።

በዚያው ዳገት ላይ ግን ንግግራችንን ሁሉ የሚያቆም ነገር በየሳምንቱ ይገጥመናል። የማገዶ እንጨት በጀርባቸው ያዘሉ ሴቶች ቁልቁል ሲወርዱ እንተላለፋለን፤ አንዳንዶቹ ከእኛ ያነሰ ዕድሜ እያላቸው ወገባቸው ጎብጧል። ከቡድናችን አንዲት እናት አንድ ቀን «እኛ ለክብደት ገንዘብ እንከፍላለን፣ እነሱ ተሸክመውት ያረጃሉ» አሉ፤ መልስ የሰጠ ሰው አልነበረም። ፈተና ያበረታል ሲባል የትኛው ፈተና እንደሆነ መለየት እንደሚገባ ያስተማሩኝ እኒህ ሴቶች ናቸው። ሸክማቸው በየቀኑ አንድ ዓይነት ነው፣ በፈለጉ ጊዜ አይቀንሱትም፣ ከእርሱ በኋላ እንቅልፍና ምግብ በበቂ አይከተለውም። ሰውነት የሚጠነክረው በሚፈተንበት ሰዓት ሳይሆን ከዚያ በኋላ ሲያርፍና ሲጠገን ነው፤ ዕረፍቱ ከሌለ ያው ክብደት ያፈርሳል። ስለዚህ በጥንቃቄ የተመጠነ፣ በፈቃድ የተያዘ፣ መጨረሻ ያለው ፈተና ማግኘት ራሱ ዕድል መሆኑን አውቄ ነው 900 ብሬን የምከፍለው።

አሁን ወደ ነቀፋዬ ልምጣ። ከሁሉም የከበደኝ ቤቱ በቅርቡ የቀጠረው ረዳት ነው። እጅግ ጨዋ፣ በደንብ ያደገ ልጅ ነው፤ ችግሩም ይኸው ነው። በሁለት ሰዓት የሚጀምረው ክፍለ ጊዜ ለእርሱ ስለተሰጠ፣ አንድ ሳምንት በማለዳ መነሣት አቅቶኝ ወደዚያ ሄድሁ። ዳምቤሉን ከመደርደሪያው ላነሣ ስጎነበስ «ጋሼ፣ ይተዉት፣ እኔ ላንሳልዎ» ብሎ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። ስጨርስም ተቀብሎ መለሰልኝ። እናቶቹ ከምንጣፍ ሲነሡ ሁለት እጁን ይዘረጋል። ከባዱን ክብደት አይሰጥም፣ «ይበቃዎታል» ይላል። ከወለል መነሣት፣ ከመሬት ዕቃ ማንሳት፣ እነዚህ ለእኛ ዋናው ልምምድ ናቸው እኮ! ክፍለ ጊዜው አንድ ሰዓት ሙሉ አልፎ ምንም ሳይደክመኝ ስወጣ፣ ያ ለቅሶ ቤት የተነሣሁበት ስሜት ተመለሰብኝ። ልጁን አልነቅፍም፤ እናቱ ያስተማረችውን ነው ያደረገው። ቤቱ ግን ከአክብሮት የተለየ ሥልጠና ሊሰጠው ይገባ ነበር፤ አጠገባችን ቆሞ እንዳንወድቅ መጠበቅ አንድ ነገር ነው፣ በእኛ ፋንታ መሥራት ሌላ ነው።

ሁለተኛው ጉድለት ደግሞ በሌላው አቅጣጫ ነው። ስመዘገብ ስለ ደም ግፊቴ፣ ስለ ልቤ፣ ስለምወስደው መድኃኒት የጠየቀኝ አልነበረም። ክብደት ሲነሣ ትንፋሽ የሚያፍን ሰው የደም ግፊቱ ለአፍታ በኃይል ይወጣል፤ ግፊት ያለበት ሰው ይህን ሳያውቅ መጀመር የለበትም። አሰልጣኙ ክብደቱ ሲነሣ ትንፋሽ ማስወጣት፣ ሲወርድ ማስገባት እንደሚገባ ያስተምራል፣ ይህም መልካም ነው፤ ነገር ግን አንድ ገጽ የጤና መጠይቅና የሐኪም ፈቃድ መጠየቅ ምንም የሚያስወጣ አልነበረም። እኔ በራሴ ሄጄ ተመርምሬ ነው የጀመርሁት፤ አንባቢም እንዲሁ ያድርግ። ዳምቤሎቹም ከ5 ኪሎ ወደ 10 ኪሎ ይዘላሉ፤ በመሀል ያለው ስለሌለ ከእኛ አንዱ ያለ ጊዜው ወደ 10 ተሸጋግሮ ትከሻውን ለሦስት ሳምንት ታመመ።

ደረጃው መደገፊያ የለውም። ሚዛን ሊማር የመጣ ሰው ወደ ሁለተኛ ፎቅ ሲወጣ የሚይዘው ብረት ያጣል፤ ይህን ፈተና ግን ማንም የመረጠው አይደለም።

በመግቢያው ላይ የሚሸጠው የፕሮቲን ዱቄትም አስተያየት ያስፈልገዋል። የወር ክፍያችንን ብዙ እጥፍ የሚሆን ዋጋ አለው፣ ሻጯም «ለዕድሜዎ ግድ ነው» ትላለች። ያው የቦስተኑ ቡድን እ.ኤ.አ. በ1994 አቅም የደከማቸውን 100 የመጦሪያ ነዋሪዎች በክፍል ከፍሎ ሲመረምር፣ ያለ ክብደት ልምምድ የተሰጠው ተጨማሪ ምግብ ድካማቸውን አልቀነሰውም፤ ልዩነት ያመጣው ልምምዱ ነው። አረጋዊ በቂ ፕሮቲን መብላት እንዳለበት አልክድም፤ ሽሮ፣ ምስር፣ እንቁላልና ወተት ግን ከቤታችን አልጠፉም። በግድግዳው የተሰቀሉት ዘይት የተቀቡ የፈርጣሞች ሥዕሎችም ለእኛ ምንም አይናገሩም፤ በ36 ዓመቱ በሜክሲኮ ማራቶንን ያሸነፈው፣ ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1972 በሙኒክ በ40 ዓመቱ ነሐስ ያመጣው የማሞ ወልዴ ፎቶ ቢሰቀል ይሻል ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰዎች የሚዛንና የጥንካሬ ልምምድ በሳምንት ሦስት ቀንና ከዚያ በላይ እንዲደረግ ይመክራል። ቤቱ በዚህ ረገድ የሚሰጠው ሁለት ቀን ስለሆነ ሦስተኛውን እኔ በቤቴ እሞላዋለሁ፤ ቡና እስኪፈላ ድረስ በአንድ እግር እቆማለሁ፣ ሴት ልጄም እስካሁን አልለመደችውም። ዝናብ በጣለ ቁጥር የቅዳሜው ጉዞ የሚሰረዝበት ልማድም ቢታረም መልካም ነው፤ በጅማ ዝናብን የሚጠብቅ ሰው ዓመቱን እኩሌታ ይቀመጣል፣ ቤቱ ደግሞ የተሰረዘውን ቀን በአዳራሽ ውስጥ ማካካስ ይችላል።

በስድስተኛው ወር ልኬት በዚያው ዝቅተኛ ወንበር አሥራ አራት ጊዜ ተነሥቻለሁ። በጅሬን ዳገት የምቆመው አንድ ጊዜ ነው፤ እርሱም ከተማይቱን ለማየት ነው ብዬ እከራከራለሁ። ጉልበቴ ጧት ጧት አሁንም ይጮኻል፣ ከርሱ ጋር ተላምደናል። ለሚቀጥሉት ሦስት ወራት ከፍያለሁ።

ለመመዝገብ የሚያስብ ሰው ካለ፣ ጧት 12:30 የሚጀምረውን ክፍለ ጊዜ ይጠይቅ፤ ዋናው አሰልጣኝ የሚያሠራው እርሱን ነውና። የሁለት ሰዓቱ የሚሞላው ቀድሞ ነው፤ ብዙ ሰው ያንን ጨዋ ልጅ ይወድደዋል። ከተማ ውስጥ ዘመድ ያላት እህቴ ከአጋሮ መጥታ ልትሞክረው ፈልጋ ነበር፤ የደረጃው መደገፊያ እስኪሠራ ጠብቂ ብያታለሁ።